ለሌለ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ መምረጥ፦ ጎተራው፣ ጦረኛው ወይስ ድመቷ?

ባሕር በሌለበት ከተማ ተቀምጠን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ስንነድፍ ያየን ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ግን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡናው እየተፈላ፣ በደብተር የምንጫወተው ጨዋታ አለን። እያንዳንዳችን አንድ ምናባዊ አገር፣ አንድ በእጅ የተሳለ ካርታና አንድ የማይለጠጥ በጀት አለን። ሕጉ አንድ ነው፤ የምንነድፈው መሣሪያ በእውነተኛው ዓለም ተሠርቶ ከታየ ነገር መነሳት አለበት። "ጨረር የሚተፋ፣ ማንም የማያየው" ብሎ ነገር የለም።

ዘንድሮ ተራው የእኔ የደሴቶች አገር ነበር። ባሕር ኃይሉ የሚፈልገው ክሩዝ ሚሳኤል፣ ማለትም እንደ ትንሽ አውሮፕላን በክንፍና በሞተር እየበረረ ዒላማውን የሚመታ ሚሳኤል፣ የሚሸከም ሰርጓጅ ነው። ልብ ወለድ የምትጽፉ፣ ጌም የምትሠሩ፣ ወይም እንደኛ በደብተር የምትዋጉ ሁሉ ይኸው ምርጫ ስለሚገጥማችሁ፣ መነሻ የሚሆኑትን ንድፎች ጎን ለጎን አድርጌ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ሁላችንም የምንሳሳተውን ልናገር። ንድፉን የምንጀምረው ከመርከቡ አካል ነው፤ ርዝመቱ ይህን ያህል፣ ፍጥነቱ ይህን ያህል፣ አፍንጫው እንደ ዓሣ ነባሪ። ሚሳኤሉ መጨረሻ ላይ ይታከላል። ሥራው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የአሜሪካው ቶማሃውክ ከነማስነሻ ሮኬቱ ከ6 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ክብደቱም 1.6 ቶን ገደማ ነው። የሶቪየቱ ግራኒት 10 ሜትር ይረዝም፣ 7 ቶን ይመዝን ነበር። በአንድ ግራኒት ክብደት አራት ቶማሃውክ ይጫናል። ሁለቱም ክሩዝ ሚሳኤል ይባሉ እንጂ አንዱን የተሸከመ መርከብ ሌላውን ከተሸከመው ጋር በመልክም በጠባይም አይገናኝም። ስለዚህ ሚሳኤሉን ሳትመርጡ እርሳስ አታንሱ።

ጎተራው

ጎተራ ያልኩት የአሜሪካውን ኦሃዮ ዓይነት ነው። እነዚህ መርከቦች ሲሠሩ ሥራቸው ሌላ ነበር፤ የኒውክሌር አረር የጫኑ ባለስቲክ ሚሳኤሎችን (እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወደ ላይ ተወንጭፈው የሚወርዱትን) ይዘው መደበቅ። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ 18ቱ ይበዛሉ ተባለ። አራቱ አንጋፋዎች፣ ኦሃዮ፣ ሚሺጋን፣ ፍሎሪዳና ጆርጂያ፣ ከ2002 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ሥራ ቀየሩ። ከ24ቱ ግዙፍ ቱቦዎች በ22ቱ ሰባት ሰባት ቶማሃውክ ገባ፤ ሲባዛ 154 ነው። የቀሩት ሁለቱ የጠላቂ ኮማንዶዎች መውጫ ሆኑ። የመርከቡ ርዝመት 170 ሜትር፣ ክብደቱ ውሃ ውስጥ ሲሆን ከ18,000 ቶን በላይ ነው።

አንዱ ጓደኛዬ 154 የሚለውን ሲሰማ ደብተሩን ዘጋና "ይኸው ነው፣ ይገዛ" አለ። አልፈረድኩበትም። ፍሎሪዳ በ2011 በሊቢያው ዘመቻ ብቻዋን ከ90 በላይ ቶማሃውክ ተኩሳለች። በ2010 ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ሦስቱ በአንድ ሰሞን በሦስት ወደቦች ብቅ አሉ፤ ኦሃዮ በፊሊፒንስ ሱቢክ ቤይ፣ ሚሺጋን በደቡብ ኮሪያ ቡሳን፣ ፍሎሪዳ በሕንድ ውቅያኖስ ዲዬጎ ጋርሺያ። አንድ ጥይት ሳይተኮስ 462 ሚሳኤል የመያዝ አቅም ለዓለም ታየ። በኖቬምበር 2023ም የአሜሪካ ጦር አንድ ኦሃዮ በስዊዝ ቦይ በኩል ስታልፍ ፎቶዋን ራሱ አወጣው። መደበቅ ሙያዋ የሆነ መርከብ ፎቶዋ ሲለጠፍ መልእክት አለው ማለት ነው። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ይህ ከፍንዳታው ይልቅ ጥሩ ትዕይንት ነው።

ሆኖም ጎተራው ርካሽ መስሎ የሚታየው አካሉ ቀድሞ ስለነበረ ነው። አሮጌ ቤት ማደስና ከመሠረቱ መገንባት አንድ አይደሉም። የእኔ ደሴቶች የሚያድሱት አሮጌ መርከብ የላቸውም። ሁለተኛው ነገር አሞላሉ ነው። ጎተራው ሲያልቅበት ባሕር መካከል አይሞላም፤ ወደብ ገብቶ ወይም ከድጋፍ መርከብ ጎን ቆሞ ሚሳኤሎቹ በክሬን አንድ በአንድ ይወርዱለታል። አንዱን ቶማሃውክ በ2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብንይዘው አንዴ መሙላት ብቻ ከ300 ሚሊዮን ይዘላል። ሦስተኛው ሰው ነው። አሜሪካኖቹ ለእያንዳንዱ መርከብ ሰማያዊና ወርቃማ የሚባሉ ሁለት የተሟሉ ቡድኖች አሏቸው፤ አንዱ ሲመለስ ሌላው ይሳፈራል። እያንዳንዱ ቡድን ከ150 ሰው በላይ ነው። በደብተር ላይ ሰው መቅጠር ነጻ ነው፤ በእኛ ጨዋታ ግን ደመወዝ ይቆረጣል።

ጦረኛው

ኔቶ ኦስካር ሲል የሰየመው፣ ሩሲያውያን ፕሮጀክት 949ኤ አንቴይ የሚሉት መርከብ ከጎተራው ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይገባም። የተሠራው ለአንድ ዓላማ ነው፤ የአሜሪካን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ለመግደል። 24 ግራኒት ይሸከማል። ቱቦዎቹ ሰው በሚኖርበት ውስጠኛ አካል ውስጥ አይደሉም፤ በውስጠኛውና በውጨኛው አካል መካከል፣ በግራ 12 በቀኝ 12፣ ወደፊት ዘመም ብለው ተደርድረዋል። መርከቡ ወገቡ 18 ሜትር የሆነው፣ የወፈረ ሰው የመሰለው፣ ለዚህ ነው። ሁለት ኒውክሌር ማብላያ ስላለው ያን ሁሉ ሥጋ ይዞ ከ30 ኖት (በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ይሮጣል።

ይህን አቀማመጥ እወደዋለሁ። ሚሳኤሉ ከሠራተኛው መኖሪያ ውጭ ስለሆነ ውስጡ አይጣበብም። ጉዳቱ ግን የሚሳኤሉ ልክ ከተቀየረ የመርከቡ ጎን በሙሉ መታረሱ ነው። ሩሲያ ከእነዚህ መርከቦች አንዷን ኢርኩትስክን ለዘመናዊዎቹ ካሊብርና ኦኒክስ ሚሳኤሎች ለማመቻቸት ስትነሳ ሥራው ዓመታትን የበላው በዋዛ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጦረኛው አንድ ነገር ያስተምራል፤ በመግለጫ ወረቀቶች ላይ የማይጻፍ ዋጋ አለ፣ እሱም ዓይን ነው። ግራኒት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። የሰርጓጅ ሶናር፣ ውሃ ውስጥ ድምፅ የሚያዳምጠው ጆሮው፣ በደህና ቀን የሚሰማው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ርቀት ነው። ታዲያ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው መርከብ የት እንዳለ ማን ይንገረው? ሶቪየቶች ለዚህ ሌጀንዳ የተባለ የሳተላይት መረብ ዘረጉ። ራዳር የያዙት ሳተላይቶች ኃይል ስለሚፈልጉ ኒውክሌር ማብላያ ተሸክመው ይዞሩ ነበር፤ ከእነሱ አንዱ ኮስሞስ 954 በጃንዋሪ 1978 ተበላሽቶ ሰሜን ካናዳ ላይ ወደቀና ጨረር ያለበትን ስብርባሪ በተነ። እንግዲህ የ24 ሚሳኤሎች ሒሳብ ውስጥ ሳተላይቶቹም አሉበት። የእናንተ ምናባዊ አገር ሳተላይት ከሌላት ረጅም ርቀት የሚበር ፀረ መርከብ ሚሳኤል መግዛቷ ለማይሰማ ሰው ራዲዮ እንደመግዛት ነው። መሬት ላይ የቆመን ነገር፣ ለምሳሌ የአየር ማረፊያን፣ መምታት ግን ይቀላል፤ ትናንት የነበረበት ቦታ ዛሬም አለ። ቶማሃውክ የተመቸው ለዚህ ነው።

ኩርስክም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነበረች። ኦገስት 12 ቀን 2000 በባረንትስ ባሕር ስትሰጥም የ118 ሰው ሕይወት አለፈ። የገደሏት ሚሳኤሎቿ አይደሉም፤ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚሠራ አንድ የልምምድ ቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ መሣሪያ) ነው። እሱ ከፈነዳ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ፊት ክፍሉ የነበሩት ሌሎች ቶርፒዶዎች ተከተሉ። 23 ሰዎች በኋለኛው ዘጠነኛ ክፍል ተሰባስበው ለሰዓታት በሕይወት ቆይተው ነበር። ግራኒቶቹ አልፈነዱም። እኔ ከዚህ በኋላ የትኛውንም ምናባዊ መርከብ ስነድፍ መጀመሪያ የምስለው የማምለጫ ክፍሉን ነው። ጓደኞቼ ቦታ ታባክናለህ ይሉኛል፤ ይበሉ።

ድመቷ

ሦስተኛዋ ትንሿ ናት። ደቡብ ኮሪያ በ2021 ያስታጠቀቻት ዶሳን አን ቻንግሆ 83 ሜትር ገደማ ናት፤ ሠራተኞቿ 50 ሰው። ኒውክሌር የላትም። በናፍጣና በባትሪ ትሄዳለች፤ በዚያ ላይ ከአየር ሳትገናኝ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፊውል ሴል ስላላት ከውሃ በታች ለሳምንታት ትቆያለች። ከጀርባዋ ስድስት ቀጥ ያሉ ማስወንጨፊያ ቱቦዎች አሉ፤ የሚቀጥሉት እህቶቿ አሥር ቱቦና ሊቲየም ባትሪ እንዲኖራቸው ሆነው ተነድፈዋል። በሴፕቴምበር 2021 ከውሃ በታች ሆና ሚሳኤል ተኩሳ አሳይታለች። የእሷ ሚሳኤል ባለስቲክ ነው፤ እኛ ክሩዝ እንተካበታለን፤ ምናብ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ናፍጣና ሚሳኤል አብረው አይሄዱም የሚል ካለ የድሮዋን ሶቪየት ጁሊየት ማስታወስ ነው። በ1960ዎቹ 16 ተሠርተዋል፤ እያንዳንዷ አራት ሚሳኤል ነበራት። ችግሯ ለመተኮስ ውሃው ላይ መውጣት ነበረባት። ድመት አይጥ ልትይዝ ስትል ቃጭል እንደማሰር ያለ ነገር ነው። ያ ችግር ዛሬ የለም።

ዝምታዋን በተመለከተ ስዊድን ምስክር ናት። ጎትላንድ የተባለችው ትንሽ ሰርጓጅ በ2005 ወደ ሳን ዲዬጎ ተከራይታ ሄዳ በልምምድ ላይ የአውሮፕላን ተሸካሚዋን ሮናልድ ሬገንን አጃቢዎች ሾልካ አልፋለች። ግዙፉን ያስጨነቀችው 60 ሜትር ገደማ የምትሆን መርከብ ናት።

ድክመቷን ልደብቅ አልፈልግም፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። ያለ አየር ስትሄድ ፍጥነቷን በ5 ኖት እንያዝ፤ ሮጦ የሚሄድ ሰው ይቀድማታል። በቀን 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። ኒውክሌር ያላት በ25 ኖት ብትሄድ በቀን 1,100 ኪሎ ሜትር ትደርሳለች። ጠላታችሁ 2,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ አንዷ በሁለተኛው ቀን ትደርሳለች፤ ሌላዋ ዘጠኝ ቀን ይፈጅባታል። ጦርነቱ አልቆ ልትደርስ ትችላለች። ካርታችሁን አውጥታችሁ በማስመሪያ ለኩ፤ ከየትኛውም የጥራት መግለጫ ይልቅ ይህ ይወስናል።

ጥልቀቱንም እንዲሁ። ባልቲክ ባሕር በአማካይ 55 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 170 ሜትሩን ጎተራ እዚያ በአፍንጫው ቢያቆሙት ሁለት ሦስተኛው ከውሃ በላይ ይቀራል። በእኔ ደሴቶች መካከል ያለው ባሕርም ጥልቀቱ ያው ነው፤ እኔው ነኝ የሣልኩት፣ አሁን ባስፋው ጓደኞቼ አይፈቅዱልኝም።

መካከለኞቹስ?

የሩሲያዋ ያሰንና የአሜሪካዋ አዲሷ ቨርጂኒያ ሁለቱንም ሥራ እንሠራለን ይላሉ፤ እውነትም ይሠራሉ። ያሰን 32 ኦኒክስ ትይዛለች። የቨርጂኒያ አምስተኛው ዙር ወገቧ ላይ አራት ትልልቅ ቱቦ የያዘ ክፍል ተጨምሮላት፣ ርዝመቷ ከ115 ወደ 140 ሜትር አድጎ፣ የቶማሃውኳ ብዛት 40 ይደርሳል። ሰፊ ውቅያኖስና ወፍራም ኪስ ላለው ምናባዊ አገር ከሁሉም የምመርጠው ይህን የቨርጂኒያን መንገድ ነው፤ ጡረታ የሚወጡትን ጎተራዎች ክፍተት ለመሸፈንም የታሰበው እሱ ነው። ግን ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። የመጀመሪያዋ ያሰን ሥራዋ በ1993 ተጀምሮ ባሕር ኃይሉ የተረከባት በ2014 ነው። ባለጸጋዋ አውስትራሊያ በ2021 ወደ ኒውክሌር ሰርጓጅ ልግባ ብላ በ2023 ያወጣችው ግምት እስከ 368 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይደርሳል።

መከራየትም አለ። ሕንድ ከ1988 እስከ 1991 ስምንት ሚሳኤል የምትይዝ የሶቪየት ኒውክሌር ሰርጓጅ ተከራይታ ቻክራ ብላ ሰይማ ባሕረኞቿን አሠልጥናባታለች። ለልብ ወለድ ይህ ወርቅ ነው፤ ባለቤቱ አገር ቁልፉን በእጁ ይዞ፣ ተከራዩ መሪውን ጨብጦ፣ ሁለቱ በአንድ ጠባብ መርከብ ውስጥ።

የገዛሁት

ሦስት ድመቶችን ገዛሁ። እያንዳንዷ 4,000 ቶን ገደማ፣ አሥር ቱቦ፣ ሊቲየም ባትሪ፣ ፊውል ሴል፣ 50 ሠራተኛ፣ ከኋላ አንድ ሰፊ የማምለጫ ክፍል። ሦስት የሆኑት ባሕር ኃይሎች ሁሉ በሚያውቁት ምክንያት ነው፤ አንዷ ባሕር ላይ ስትሆን አንዷ ትሠለጥናለች፣ አንዷ ትጠገናለች። ስለዚህ በማንኛውም ቀን ዝግጁ የሚሆኑት አሥር ሚሳኤሎች ብቻ ናቸው። 154 ያለው ጓደኛዬ እስኪያስለው ሳቀ። እሱ ግን የገዛው አንድ ጎተራ ነው፤ በጨዋታችን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥገና ገባለትና 14 ወር ሙሉ ዜሮ ሚሳኤል ይዞ ተቀመጠ።

ከበጀቱ የተረፈኝን ባሕር በሚቃኙ አውሮፕላኖች፣ በአንዲት የድጋፍ መርከብና ውሃ ውስጥ ላሉት ድመቶች ትእዛዝ በሚያደርስ የረጅም ሞገድ ራዲዮ ጣቢያ ላይ አዋልኩት። ሚሳኤሎቼ ፍጥነታቸው ከድምፅ በታች፣ ልካቸው የቶማሃውክ፣ ዒላማቸው የማይንቀሳቀስ ነገር ነው። ፀረ መርከብ ሥራውን ለቶርፒዶ ተውኩት፤ ድመቷ ቀርባ መሥራት ትችላለችና።

የቀረን ስሙ ነው። እኔ የመጀመሪያዋ "ውሮ" ትባል ብያለሁ። ጓደኞቼ ለጦር መርከብ አይመጥንም ብለው በድምፅ ጥለውኛል፤ ለቅዳሜ ይግባኝ ጠይቄአለሁ።