ሻማ ወይስ ጡብ? የአክሲዮን ዋጋን በየትኛው ቻርት ልይ?

ደብረ ብርሃን ገብስ የሚሸጥ ጎረቤቴ ዋጋ የሚጽፈው ሲለወጥ ብቻ ነው። ሳምንት ሙሉ ካልተነቃነቀ ደብተሩ ባዶ ነው። ዋጋን በጡብ ቅርጽ እየደረደረ የሚያሳየው፣ ሬንኮ የሚባለው ቻርትም እንዲሁ ነው። የጡቡን መጠን 10 ብር ካልን፣ ዋጋው 10 ብር ካልተጓዘ አዲስ ጡብ አይሣልም። ሲወጣ ቆይቶ አቅጣጫ ለመቀየር ደግሞ በተለምዶ የሁለት ጡብ ያህል፣ 20 ብር፣ መውረድ አለበት። ጊዜ እዚህ ቦታ የለውም። አንዱ ጡብ በአንድ ሰዓት፣ ሌላው በአንድ ወር ሊሞላ ይችላል።

የሻማ ቻርት ግን ሰዓት ቆጣሪ ነው። ገበያው ቢያንቀላፋም በየቀኑ አንድ ሻማ ይተክላል፤ መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ያሳያል።

እኔ ቅርጽ ለመፈለግ ጡቡ ይሻለኛል። ዋጋው ደጋግሞ የሚመለስበት ጣሪያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። (ጡቡን በጣም ካሳነሱት ግን ያው ጫጫታ፣ ማለትም ትርጉም የሌለው ትንንሽ ውጣ ውረድ፣ ነው፤ እኔ ላይ ደርሷል።) ንጽህናው ግን ያታልላል። ዋጋው በአንድ ሌሊት ዘልሎ ቢወርድ፣ ሬንኮ ጡቦቹን ደርድሮ ክፍተቱን ይደብቀዋል። በመሃል መሸጥ የሚቻል ይመስላል፤ አይቻልም። ስለዚህ የመግዣ ወይም የመሸጫ ትዕዛዝ ከመስጠቴ በፊት ሻማውንም ከፍቼ አያለሁ።