የሕፃናት ማቆያ ወይስ ትንሽ ቡድን? እድገቱ ለዘገየ ልጅ፣ ጅማ ላይ

ሂርማታም ሆነ ጊንጆ ሰፈር፣ የሁለት ዓመት ልጃቸው እድገቱ የዘገየባቸው ወላጆች ጥያቄ አንድ ነው፦ ማቆያ ይግባ ወይስ በትንሽ ቡድን ይጀምር?

ማቆያው ቅርብ ነው። ልጁም እኩዮቹን እያየ ይማራል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ብዛቱ ነው። ሃያ ልጅ ለሁለት ሞግዚት ሲሆን፣ ዝም ያለው ልጅ «ጨዋ» ተብሎ ጥግ ይቀራል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ጠዋት ቁጭ ብለው ይዩ። ሞግዚቷ ኳሱን ስትሰጠው እጁን እስኪዘረጋ ትጠብቃለች? ወይስ እጁን ይዛ ታስጨብጠዋለች? ቤት ኦሮምኛ፣ እዚያ አማርኛ መሆኑ ልጁን አያዘገየውም፤ ግን የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላት የሚረዳለት ሰው ያስፈልገዋል።

ትንሹ ቡድን ሦስት አራት ወላጆች ከፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያ ጋር ተነጋግረው ለልጆቻቸው የሚጀምሩት ነው። ወጪ አለው፤ ሰው ማሰባሰቡም ያደክማል። ቢሆንም መቆም ለሚቸግረው ልጅ እኔ ይህን አስቀድማለሁ። ወላጅ አብሮ ስለሚቀመጥ ያየውን ማታ ቤቱ ይደግመዋል።

የቱንም ቢመርጡ፣ በ18 ወሩ ያልሄደን ልጅ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እያሉ አያቆዩት። መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ይየው፤ ለዚህ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አለልዎት። ንግግሩ ከዘገየ ደግሞ ጆሮው ይመርመር።