ቀድሞ መክፈል ወይስ መጠበቅ?

አዲስ የፒንቦል ማሽን (በመስታወት ሥር ኳስ እየመቱ የሚጫወቱበት የጨዋታ ማሽን) በታወጀ ቀን ቀብድ መክፈል ያጓጓል። ቁጥሩ የተወሰነ እትም ከሆነማ ምርጫም የለም፤ ከዘገዩ ያልቃል። ችግሩ፣ የታወጀ ሁሉ ተመርቶ አልቋል ማለት አይደለም። የፒንቦል አምራቹ ጀርሲ ጃክ የመጀመሪያ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ2011 አስተዋውቆ ለገዢዎች ማድረስ የጀመረው በ2013 ነው። ፍሊፐሩ (ኳሱን የሚመታው ክንድ)፣ መብራቱ፣ ኳሱ ሁሉ ተሰናድቶ አንዲት የፕላስቲክ መወጣጫ ከአቅራቢ ካልመጣች መገጣጠሙ ይቆማል። ገንዘቡ ግን ከእጅ ወጥቷል።

የሚጠብቅ ሰው ተጫውቶበት፣ ድምፁን ሰምቶ ይወስናል። ሶፍትዌሩም ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ሆኖ ይወጣና በዝማኔ ቀስ እያለ ይሞላል። ሌላው አምራች ስተርን የሚያወጣቸው፣ ፕሮና ፕሪሚየም የተባሉት ቁጥራቸው ያልተወሰነ እትሞች ደግሞ ተፈላጊ ከሆኑ በድጋሚ ይመረታሉ። ለእነሱ መጣደፍ ምን ይባላል? እኔ ቀብድ የምከፍለው ለተወሰነው እትም ብቻ ነው፤ እሱንም ልቤ ካልቻለ።