ኦዱ ጎበዝ ነው፤ አቅራቢ «ነገ ይደርሳል» ሲለው ግን ያምናል

ደብረ ብርሃን የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ግዢ ላይ ነው የምሠራው፣ ኦዱ (Odoo) በሚባል የግዢና የመጋዘን ፕሮግራም። ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ። አብዛኛው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዱ ቅርብ ነው፣ ሩቁ አቅራቢው ነው። «ተጭኗል እኮ» ይሉሃል፣ መኪናው ግን ገና ወረፋ ላይ ነው።

የምንጠቀመው ኦዱ ስሪት 17 ነው፣ ነጻውን። ስሌቱ ግልጽ ነው። ፌሮ ኅዳር 20 ካስፈለገህ፣ አቅራቢው በ5 ቀን አደርሳለሁ ካለ፣ አንተም 3 ቀን መጠባበቂያ ከያዝክ፣ ኅዳር 12 እዘዝ ይልሃል። (ቀኑን የሚያሳይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ግድግዳ ላይ ካላንደር ስቀል።) ችግሩ መጠባበቂያው ለድርጅቱ በሙሉ አንድ መሆኑ ነው። ቀለም በሰዓቱ ይመጣል፣ ፌሮ ያስለቅሳል፣ ሁለቱም ግን ያው 3 ቀን። ስለዚህ መጠባበቂያውን ትንሽ አድርገህ፣ በየዕቃው ስር ለየአቅራቢው የሚሞላው የማድረሻ ቀን ላይ እውነቱን ጻፍ። እሱ ያለህን ሳይሆን ሲያደርስ ያየኸውን። ከጣርማ በር ወዲያ ያላችሁ፣ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት፣ የራሳችሁን መንገድ ጨምሩበት።

አሁን ዋናው ነገር። ለቆርቆሮ ዝቅተኛው ክምችት፣ ማለትም ከዚያ ሲያንስ ኦዱ ግዛ የሚልበት፣ 100 ነው እንበል። መጋዘን ውስጥ 40 ቀርቷል፣ 200 ደግሞ ታዟል፣ ቀኑ ግን ካለፈ ሰንብቷል። ኦዱ ምን ያስባል? 240 አለህ ብሎ ያስባል። ቀኑ ያለፈበትን ትዕዛዝ አሁን እንደሚገባ ዕቃ ስለሚቆጥረው ግዛ አይልህም፣ ደንበኛው 60 ቆርቆሮ ሲጠይቅህ ግን የምትሰጠው የለህም፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ሰው ሁሉ ቤት መሥራት ሲጀምር። ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ይሄ ያናድዳል።

መፍትሔው አለ፣ ግን በእጅ ነው። የዕቃ መቀበያ ሰነዱን ክፈትና ቀኑን ወደ እውነተኛው ግፋው። አዲሱ ቀን ዛሬ ብታዝዝ ከሚደርስበት ቀን ካለፈ ያ 200 ከስሌቱ ይወጣል፣ ጉድለቱም ይታይሃል፤ ከዚያ ከሌላ አቅራቢ መግዛት ወይም መጠበቅ ያንተ ውሳኔ ነው። የግዢ ትዕዛዙ ላይ ያለውን ቀን ግን አትንካ። ኦዱ ለየአቅራቢው በሰዓቱ ያደረሰውን በመቶኛ የሚያሰላው ከዚያ ቀን ጋር እያስተያየ ስለሆነ፣ ከነካኸው ዘግይቶ የከረመው አቅራቢ ንጹህ ሆኖ ቁጭ ይላል።

መቶኛዋን ወድጃታለሁ። ዋጋ ስትደራደር «ያንተ 55 ነው፣ የጎረቤትህ 90» ማለት ከጭቅጭቅ ይሻላል። የሚያሳዝነው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ከእሷ አይማርም። አቅራቢው ዓመቱን ሙሉ ቢዘገይም፣ አንተ ካልቀየርክለት የማድረሻ ቀኑ ያው 5 ነው። መረጃው እያለው ለምን አይጠቀምበትም?

ለአቅራቢ አስታዋሽ ኢሜይል የሚልክም ነገር አለው። ኢሜይል የሚከፍት አቅራቢ ላለው ጥሩ ነው። እኛ አጥፍተነዋል፤ የዘገዩትን ብቻ ለይቶ የሚያወጣውን ዝርዝር ጠዋት ከፍተን በስልክ እንጨቀጭቃለን።