ጭስ የሚቀንሱ የካምፕ እሳት ማንደጃዎች፦ ባለ ድርብ ግድግዳው ወይስ ባለ ማራገቢያው?

ደጅ ላይ እሳት አንድዶ መቀመጥ የሚወድ ሰው ጭሱን ሲሸሽ ወንበሩን ከወዲህ ወዲያ እያዛወረ ያመሻል። ይህን ለመቅረፍ ከተሠሩት ማንደጃዎች መካከል ገዢን የሚያመነቱት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ባለ ድርብ ግድግዳ ሲሆን የሶሎ ስቶቭ ቦንፋየር ከዚህ ወገን ይመደባል፤ ሁለተኛው በባትሪ ማራገቢያ አየር የሚነፋና ከስልክ በብሉቱዝ የሚታዘዝ ሲሆን የባዮላይት ፋየርፒት ለዚህ ይጠቀሳል።

ጭስ በአመዛኙ ሳይቃጠል ያመለጠ ማገዶ ነው። እንጨት ሲግል የሚተፋቸው ጋዞችና ጥቃቅን የሬንጅ ጠብታዎች በቂ ሙቀትና አየር ካገኙ ነበልባል ሆነው ያልቃሉ፤ ካላገኙ ዓይን ያቃጥላሉ። ሁለቱ ማንደጃዎች የሚለያዩት ይህን አየር በሚያቀርቡበት መንገድ ነው።

በባለ ድርብ ግድግዳው አየር ከታች ገብቶ በሁለቱ ብረቶች መካከል ሽቅብ ሲወጣ ይግልና ከአፉ ዝቅ ብለው በተደረደሩት ቀዳዳዎች ወጥቶ ያመለጠውን ጋዝ ያነድደዋል። ማንደጃው በደንብ ሲግል ከእነዚህ ቀዳዳዎች የእሳት ምላሶች ወደ ውስጥ ሲወረወሩ ይታያሉ፤ ጭሱ የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው። ብረቱ እስኪግል ድረስ ግን እንደ ማንኛውም እሳት ይጨሳል፣ እሳቱ ሲከስምም ጭሱ ይመለሳል፤ ፍልጡ ከላይኛዎቹ ቀዳዳዎች በላይ ከተቆለለ ደግሞ ጋዙ የጋለው አየር ሳያገኘው ይወጣል። ብዙዎች ከገዙ በኋላ የሚያስተውሉት ሌላ ጉድለትም አለው፤ ሙቀቱ በአብዛኛው ወደ ላይ ስለሚሄድ ዙሪያውን የተቀመጡት ሰዎች እግራቸው ላይሞቅ ይችላል።

ፋየርፒት ግድግዳው የብረት መረብ በመሆኑ እሳቱ በጎን ይታያል፣ ሙቀቱም በጎን ይወጣል። ማራገቢያው በ4 የፍጥነት ደረጃዎች በ51 ቀዳዳዎች አየር ስለሚነፋ ብረቱ እስኪግል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ብልጫው ጎልቶ የሚታየውም በማቀጣጠያው ሰዓት፣ አዲስ ፍልጥ ሲጨመርና እሳቱን አነስ አድርጎ ማቆየት ሲፈለግ ነው። ፍጥነቱ ከፍ ሲል ማገዶው ቶሎ ያልቃል፤ ባትሪው ካለቀ ደግሞ የሚቀረው ተራ የመረብ ማንደጃ ነው፣ ይጨሳል።

ከስልክ መታዘዙ ግን ከሚገባው በላይ የተወደሰ ይመስለኛል። መተግበሪያው የጭሱን መጠን ለክቶ አየሩን በራሱ አያስተካክልም፤ ጭሱን አይቶ የሚወስነው ሰው ነው፣ ስልኩ የሚያተርፈው ከወንበር መነሳትን ብቻ ነው። ለማራገቢያው ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው፣ ለመተግበሪያው ብሎ መግዛት ግን አይመከርም።

ከሁለቱም ጋር ሊገዛ የሚገባው አነስተኛ መሣሪያ ባለ ሁለት መርፌ የእንጨት እርጥበት መለኪያ ነው። ማገዶ በደንብ የሚነድደው እርጥበቱ ከ20 በመቶ ሲያንስ ነው። የውጪው ገጽ ቀድሞ ስለሚደርቅ ፍልጡን እንደገና ሰንጥቆ መርፌዎቹን በአዲሱ የውስጥ ገጽ ላይ መትከል ያስፈልጋል፤ ቅርፊቱ ላይ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል። የራሰ እንጨት የትኛውንም ማንደጃ ያሸንፋል።

ጭሱ አለመታየቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው የማይታይና የማይሸት መርዛማ ጋዝ የለም ማለት ስላልሆነ ሁለቱም በድንኳንም ሆነ በቤት ውስጥ ፈጽሞ መነደድ የለባቸውም።

እንግዲህ ደረቅ ማገዶ በብዛት ያለውና ትልቅ እሳት አንድዶ ለሰዓታት የሚቀመጥ ሰው ባለ ድርብ ግድግዳውን ቢወስድ ይሻለዋል፤ ባትሪ የለው፣ የሚበላሽ ሞተር የለው። እሳቱን ለአጭር ጊዜ የሚያነድድ ወይም ዙሪያውን ተቀምጦ መሞቅ የሚፈልግ ሰው ባለ ማራገቢያውን ይምረጥ፤ ከመክፈሉ በፊት ግን ማራገቢያው ያለ ስልክ በራሱ ቁልፍ እንደሚሠራና ባትሪው ተነቅሎ ሊተካ እንደሚችል ያረጋግጥ።