ለመልቲፒች ቢሌይ የቱ ካራቢነር ይሻላል? ቀጭኑ፣ አውቶማቲኩ ወይስ አታሼ

ጎንደር ውስጥ ገመድ ይዘን ድንጋይ የምንወጣ ልጆች በጣት የምንቆጠር ነን፣ ግን ውጭ ያለ ዘመድ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «ለቢሌይ ቀለል ያለ ካራቢነር ላስመጣ ነው፣ የቱን ልበለው?» ለእያንዳንዱ በቮይስ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ለአዲስ ሰው፣ ካራቢነር ገመዱ የሚያያዝበት በር ያለው የብረት ቀለበት ነው፣ ቢሌይ ደግሞ የሚወጣው ሰው ቢወድቅ እንዲቆም ገመዱን መያዝ፣ መልቲፒች ማለት ረጅም ድንጋይ በክፍል በክፍል መውጣት ነው፣ አንዱ ክፍል ፒች ይባላል። ቀድሜ ልናገር፣ እኔ የማዳላው ፔትዝል የሚባለው ድርጅት ለሚሰራው አታሼ ነው፣ የበሩ መቆለፊያ በጣት ለሚጠመዘዘው።

መጀመሪያ ግን የተቃጠልኩበትን ልንገራችሁ። መርካቶ ሦስት ካራቢነር በ450 በ450 ብር ገዛሁ፣ በሰዓቱ ኦርጅናሉን ለማስመጣት ከ1,000 ብር በላይ ይጠየቅ ስለነበር ያተረፍኩ መስሎኝ እየሳቅኩ ነው የወጣሁት። ጎኑ ላይ 25 ኪሎኒውተን ይላል። ኪሎኒውተን ለሚያደናግረው፣ አንዷ በግምት አንድ ኩንታል ናት፣ እና እቃው 25 ኩንታል እሸከማለሁ እያለ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጽሁፉን በአውራ ጣቴ ፈተግ ሳደርገው ለቀቀ፣ ለካ በቀለም ነው የታተመው። ከዛ የአንዱ መጠምዘዣ ነክሶ አልፈታ አለ፣ ቶርኖ ቤት ይዤው ሄድኩና «ጋሼ፣ ጥርሷን ያስተካክሉልኝ» አልኳቸው። ሰውየው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት፣ የበሩን ፒን በጥፍራቸው ነካ ሲያደርጉት ይወዛወዛል፣ ቀዳዳው ከፒኑ ይሰፋል። «ልጄ፣ ይሄ ቁልፍ ሊያዝበት ነው ወይስ ሰው ሊንጠለጠልበት?» አሉኝ። ምን ልበል፣ ለቁልፍ ነው አልኩ። ገንዘብም አልተቀበሉኝም።

ሁለተኛውን ለበቅሎ ጭነት አደረግኩት፣ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ስንሄድ ፒኑ ወልቆ የዱቄቱ ከረጢት ቁልቁል ተንከባለለ። ደግነቱ ዱቄት ነው።

እውነተኛው ላይ ጽሁፉ ብረቱ ውስጥ ተቀርጿል፣ ሲኢ የሚለው የአውሮፓ ምልክት ከነቁጥሩ አለ፣ ለቢሌይ የሚሆነው ላይ ደግሞ በክብ ውስጥ የኤች ፊደል ታገኛላችሁ። ያ ፊደል ያለበት በአውሮፓ መስፈርት በቁመቱ ቢያንስ 20 ኪሎኒውተን፣ በወርዱ ሲጫን 7፣ በሩ ክፍት ሆኖ 6 መያዝ አለበት። 20 የነበረው በሩ ሲከፈት ወደ 6 መውረዱን አስተውሉ፣ በሩ የሚቆለፈውን የምንይዘው ለዚህ ነው። ኮፒ የሚሰራውም መቅረጽ አያቅተውም እና ምልክቱ ብቻውን አያሳምናችሁ፣ ዘመዳችሁ ከታወቀ ሱቅ ገዝቶ ደረሰኙን ጭምር ያምጣ።

አሁን ወደ ቀጭኖቹ። ዲኤምኤም የሚባለው ድርጅት የሚሰራው ቀጭኑ ፋንተም 42 ግራም ገደማ ነው፣ አታሼ 56። ልዩነቱ 14 ግራም፣ ማለትም እኛ ሰፈር አንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ የሚጨመር ስኳር። ለዚች ስኳር ብላችሁ ነው ቢሌይ የሚያደርጋችሁን እቃ የምታሳንሱት? ከጦርነቱ በፊት ገራልታ ስንወጣ ጓደኛዬ ፋንተሙን ለቢሌይ ይጠቀምበት ነበር፣ እዛ ድንጋዩ አሸዋማ ስለሆነ ገመዱ ውስጥ የገባው አሸዋ አሉሚኒየሙን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው፣ ሲዝኑ ሳያልቅ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ወጣበት። እኔ ቦዩ 1 ሚሊሜትር ከደረሰ እጥለዋለሁ። ቀጭን ሲሆን ደግሞ ገመዱ የሚታጠፍበት ጠርዝ ይሾላል፣ እና ከላይ አንከር ላይ፣ ማለትም ድንጋዩ ላይ ራሳችሁን ያሰራችሁበት ቦታ ሆናችሁ፣ ሁለተኛውን ሰው በሪቨርሶ (ገመዱ የሚያልፍባትና የምትይዘው የቢሌይ እቃ) ስታስወጡ ገመዱን በግድ ነው የምትጎትቱት፣ አምስተኛው ፒች ላይ ክንድ የሚባል ነገር አይኖራችሁም። ለዛ ቦታ እንደውም ከአታሼም ይልቅ ወፍራምና ክብ የሆነ ቢገኝ ደስ ይለኛል። ሌላው፣ ሪቨርሶዋ ከእጅ ካመለጠች በሙንተር፣ ማለትም ራሱ ካራቢነሩ ላይ ተቋጥሮ ገመዱን በሚይዘው ቋጠሮ ነው የምትወርዱት፣ ሙንተር በጠባብ ካራቢነር ላይ ሲገለባበጥ ይያዛል፣ ሰፊ ጫፍ ይፈልጋል። ፋንተምን መጥፎ እቃ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሪቨርሶዋን አንከር ላይ ለመስቀል በጣም አሪፍ ነው፣ እኔም ሁለት አለኝ።

አውቶማቲኩ፣ ማለትም በሩን ስትለቁት ራሱ የሚቆለፈው፣ መጠምዘዝ ለሚረሳ ሰው ጥሩ ነው፣ እንደዛ አይነት ሰው ከሆናችሁ ሳትከራከሩ ግዙ። የኛን አቧራ ግን አይችልም። አንዴ በሩ አሸዋ በልቶ አንከር ላይ እያለን አልከፈት ብሎ፣ በጥርስ ሁሉ ሞክረን፣ መጨረሻ ውሃ አፍስሰንበት ነው የተላቀቀው። በሞቀ ውሃ አጥቦ አድርቆ ማጠፊያው ላይ ጠብታ ዘይት ማድረግ ይረዳል፣ ግን በየሳምንቱ ማን ያጥባል? የአታሼ መጠምዘዣ አቧራ ቢገባው በጣት ትገፉታላችሁ፣ ሳይቆለፍ ከቀረ ደግሞ ቀይ መስመሩ ይታያል፣ ከወዲያ ማዶ ሆኜ ጓደኛዬን «ቀዩ ይታያል!» ብዬ ጮኼበት አውቃለሁ።

ዋጋ። አታሼ ውጭ 20 ዶላር ገደማ ነው። ዶላሩ 57 ብር እያለ 1,140 ብር ማለት ነበር፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ዶላሩ በጥቂት ሳምንት 100ን አለፈ፣ የመጨረሻዋ እኔ ላይ ከአምጪው 500 ብር ጋር 3,400 አረፈች። አውቶማቲኩ ከዚህም አንድ ተኩል እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሁሉንም ምርጥ ላድርግ አትበሉ፣ ለቢሌይና ለሙንተር ሁለት አታሼ፣ የቀረውን ቀለል ባለ ሙሉት። ሁለተኛ እጅ ከቱሪስት ከተገኘም አትናቁ፣ ብረት እንደ ገመድና ስሊንግ (የጨርቅ ማሰሪያ) በዕድሜ ብቻ አይጣልም። ቦዩን በጥፍር ዳስሱ፣ በሩን ግማሽ ድረስ ከፍታችሁ ልቀቁት፣ ራሱ ቀጭ ብሎ ካልገባ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

ሦስተኛው የመርካቶ ካራቢነር እናቴ ጓሮ የልብስ ገመድ ላይ ነው። በክረምቱ ፒኑ ዝጎ ነጭ ነጠላዋን አቆሸሸባትና እስካሁን ትወቅሰኛለች።