ለባስ ዓሣ ምን ልግዛ? ዘንግ፣ ሪልና ክር ከኪሴ በወጣ ዋጋ

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ጸበል ጻዲቅ እየቀመስን ሳለ፣ አንድ የማከብራቸው ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ማስታወቂያ አሳዩኝ። ዘንግ፣ ሪል (ክሩ የሚጠመጠምበት ማሽን)፣ ክር፣ መንጠቆና አንድ ሳጥን የፕላስቲክ ትል፤ ሁሉም ባንድ ላይ 29 ዶላር። "ይኼን ላዝዝ ነው፤ አንተ ነገሩን ታውቀዋለህ፤ ምን ትላለህ?" አሉኝ። አውቀዋለሁ እንጂ! እኔም ገዝቼው ነበር። በርክ ሌክ የሚባለው ሐይቅ በወሰድኩት በሦስተኛው ቀን ሁለት ፓውንድ የማይሞላ ባስ ያዘልኝና፣ እንደ ሬዲዮ አንቴና የምትሳበዋ ዘንግ መጋጠሚያዋ ላይ ተሰነጠቀች። ሪሉ አንድ ሳምንት ቆየ። ከዚያ እጀታው መዞሩን ቀጠለ፣ ክሩ ግን አልጠቀለል አለ።

ለጋሼ ያስረዳሁትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ሥራ ቦታም ስልክ ላይም ይኼንኑ ስለምትጠይቁኝ።

ለቸኮለ መልሱ ይኸው። 6 ጫማ ከ6 ኢንች ወይም 7 ጫማ የሆነ፣ "ሚዲየም" (መካከለኛ ጥንካሬ) የተባለ ስፒኒንግ ዘንግ፤ 2500 ቁጥር (መጠኑ ነው) ስፒኒንግ ሪል፣ ማለት ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለው፤ 20 ፓውንድ ብሬይድ፣ ማለት የተሸረበ ክር (ፓውንዱ ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ነው)፤ ጫፉ ላይ የሚቀጠል 10 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር። እኔ ስገዛ ዘንጉ 45፣ ሪሉ 65፣ ብሬይዱ 16፣ ፍሎሮካርቦኑ 13 ዶላር ወጣባቸው። ድምሩ 139 ነው፤ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ 6 በመቶ ታክስ ሲጨመርበት 147 ከ34 ሳንቲም። "ውድ ነው" ትሉ ይሆናል። እዚህ ከመድረሴ በፊት ግን ለ29 ዶላሩ ስብስብ፣ ለ38 ዶላር አስመስሎ የተሠራ ሪል፣ ለ9 ዶላር የውሸት ክርና ቤይትካስተር ለሚባል የ72 ዶላር ሪል በድምሩ 148 ዶላር ከፍያለሁ። ለማይረባ ዕቃ ያወጣሁት ደህናውን ገዝቶ ሳንቲም ያተርፍ ነበር።

ከቤይትካስተሩ ልጀምር፤ በቪዲዮ አይታችሁ የምትመኙት እሱን ነውና። በዘንጉ ጀርባ ላይ የሚቀመጠውና ባለሙያዎቹ በውድድር የሚይዙት ነው። ስትወረውሩ ክር የተጠመጠመበት ከበሮ ራሱ ይሽከረከራል። ማታለያው (ዓሣውን የምናታልልበት የፕላስቲክ ትል ወይም ሌላ) አየር ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ከበሮውን በአውራ ጣት ቀስ አድርጎ መግታት ያስፈልጋል። ካልገታችሁት ክሩ ድመት የገባችበት ልቃቂት ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን ከሰዓት በሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቋጠሮ ስፈታ ነው ያሳለፍኩት፤ በመጨረሻም ወደ 40 ያርድ ክር በመቀስ ቆርጬ ጣልኩ። አጠገቤ የነበረ የአሥር ዓመት ልጅ በአያቱ ሪል ሦስት ባስ አወጣ። ከዚህ ሌላ፣ በርካሽ ቤይትካስተር ቀላል ማታለያ መወርወር ጭንቅ ነው፤ ጀማሪ ደግሞ የሚወረውረው ቀላል ማታለያ ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ ቦታ አለው። ፖቶማክ ወንዝ ላይ በበጋ ሃይድሪላ የሚባለው ሣር ውሃውን ምንጣፍ አልብሶት ሲታይ፣ በሣሩ ላይ የፕላስቲክ እንቁራሪት ጎትቶ ባስ ወይም ስኔክሄድ የሚባለውን ዓሣ ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ስፒኒንግ አያዋጣውም። ጠንካራ ዘንግ፣ ቤይትካስተርና 50 ወይም 65 ፓውንድ ብሬይድ ይፈልጋል። እዚያ ስትደርሱ የኔን 72 ዶላር ዕቃ በ30 እሸጥላችኋለሁ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቷል።

ለልጆች ከሆነ ጭቅጭቅ የለውም፤ ዜብኮ 33 የሚባለውን ሪል ግዙ። ቁልፉን ተጭኖ መልቀቅ ብቻ ነው፣ ክሩ ክዳን ውስጥ ስለሆነ አይተበተብም። እኔ የገዛሁት በ26 ዶላር ነው። በነገራችን ላይ ስሙ የመጣው ከቦምብ ነው፦ ቱልሳ፣ ኦክላሆማ የነበረው "ዜሮ አወር ቦምብ ካምፓኒ" ለነዳጅ ጉድጓድ ፈንጂ ይሠራ ነበር፤ በ1949 ሪል ማምረት ጀመረ፣ 33 ደግሞ በ1954 ወጣ። ልጄ ይህን ከሰማ ወዲህ "ቦምቤን ስጠኝ" ነው የሚለኝ፤ ሰው በተሰበሰበበት እንዳይለው እየተቆጣሁት ነው።

አሁን ወደ ስፒኒንግ ሪሉ፤ ገንዘባችሁ መሄድ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑ ላይ "13 ኩሽኔታ" የሚል ካያችሁ አትደንግጡ። በ25 ዶላር አሥራ ሦስት ኩሽኔታ የሚሰጥ ሰው ምን ዓይነት ኩሽኔታ እንደሚሰጥ መገመት ነው። መመርመር ያለበት ፍሬኑ ነው፤ እነሱ ድራግ የሚሉት። ዓሣው ሲስብ ክሩን እየለቀቀ የሚያደክመው እሱ ነው። ሱቅ ውስጥ ድራጉን ግማሽ አጥብቁና ከበሮውን በእጅ አዙሩት። እንደ ቅቤ ለስልሶ ከዞረ ደህና ነው፤ እየተንገጫገጨ ከዞረ አስቀምጡት። ክር የሚበጥሰው ያ መንገጫገጭ ነው። ከ50 እስከ 100 ዶላር ባለው ክልል የሺማኖ፣ የዳይዋና የፍሉገር ሪሎች ይህን ፈተና ያልፋሉ። የኔ ሺማኖ ሴዶና ነው፤ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ከ100 በላይ ስትከፍሉ ልስላሴና ክብደት ይሻሻላል፣ ባሱ ግን ልዩነቱን አያውቀውም።

የ38 ዶላሩን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በመቶ ዶላር የሚሸጥ የታወቀ ሪል ኢንተርኔት ላይ ከአንድ ሻጭ በ38 አገኘሁ። ሲመጣ ሳጥኑም ቀለሙም አንድ ነው። እግሩ ሥር ግን የሞዴል ቁጥር የለም፣ ጽሑፉ በጥፍር ሲፋቅ ይነሣል፣ ዘይቱ የመኪና ዘይት ይሸታል። በሁለተኛው ወር ሲያንቋርር ለጥገና ወሰድኩት። ሠሪው ከፈተው፣ ሳቀና "ወንድሜ፣ ለዚህ መለዋወጫ የለም፤ የውስጡ ጥርስ ከዋናው ጋር አይገጥምም" ብሎ መለሰልኝ። ሳንቲም አላስከፈለኝም፤ ሐዘኔታ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ሪል የምገዛው ከበሮውን በእጄ አዙሬ ካየሁበት ሱቅ፣ ደረሰኝ ይዤ ነው። ደህና ሪል ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ የክፍሎቹ ሥዕል ከነቁጥራቸው ይመጣል። ያቺን ወረቀት አትጣሏት፤ አንዲት ሞላ ስትሰበር ቁጥሯን ጠርታችሁ በጥቂት ዶላር ታስመጣላችሁ። ስም የለሹ ላይ ሞላ ሲሰበር ሙሉው ሪል ቆሻሻ ነው።

ራሴ ያበላሸሁትም አለ። "ላገልግለው" ብዬ ሴዶናውን ምንጣፍ ላይ ፈታሁትና ሁሉንም ነገር ግራሶ ቀባሁት። ስገጥመው ሪሉ ወደ ኋላም መዞር ጀመረ። ለካ ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ኩሽኔታ ግራሶ አይወድም፤ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ዘንጎች ይንሸራተታሉ። በአልኮል ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህን ለማወቅ 25 ዶላር የእጅ ዋጋ ከፈልኩ። ግራሶ ለጥርሱ፣ ዘይት ለኩሽኔታው። የምትፈቱትም ነጭ ፎጣ ላይ ይሁን፤ ምንጣፍ የበላት ሞላ አትገኝም።

ዘንግ ላይ ብዙ አልከራከርም፤ አግሊ ስቲክ ጂኤክስ2 ግዙ። የለመዱ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ "ይከብዳል፣ ስሜት የለውም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ንጹሕ ግራፋይት ዘንግ ይቀላል፤ ባሱ ከሥር ትሉን ገና አፉ ውስጥ ሲያስገባ እጅ ላይ ይሰማል። እኔም በ110 ዶላር ገዛሁ። ሁለት ወር ደስ አለኝ፤ ከዚያ የመኪና በር ላዩ ላይ ዘጋሁበት። ግራፋይት ሲመታ ወዲያው ባይሰበርም ይጎዳል፤ የቀረውን ዓሣው ይጨርሰዋል። አግሊ ስቲኩ ፋይበርግላስ የተቀላቀለበት ነው፤ እሱንም በር ዘግቼበታለሁ፣ ልጄም ቆሞበታል፣ ዛሬም አለ። ቀለበቶቹ ደግሞ ውስጣቸው ተፈልቅቆ የሚወጣ ሴራሚክ የሌላቸው፣ አንድ ወጥ ብረት ናቸው። ባለሴራሚክ ዘንግ ካላችሁ በየጊዜው በቀለበቶቹ ውስጥ ጥጥ አሳልፉ። ጥጡ ከያዘ ስንጥቅ አለ ማለት ነው፤ ክራችሁን እየቆረጠ ያለው እሱ ነው፣ ክሩን አትውቀሱ።

የላይኛው ቀለበት ብቻ ቢሰበር ዘንጉን አትጣሉ። አዲስ የጫፍ ቀለበት ከነማጣበቂያው ከአንድ ቡና ዋጋ ብዙ አይበልጥም። አሮጌውን በላይተር ለጥቂት ሰከንድ ስታሞቁት ይወጣል፤ ዘንጉን ራሱን ግን እሳት አታስነኩት። ዓሣው እግራችሁ ሥር ደርሶ ሳለም ዘንጉን ወደ ሰማይ አቁማችሁ አታንሱት። ጫፍ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው።

ክር ላይ ደግሞ እያንዳንዳችን ቤት ያለ መሣሪያ አለ፦ የሻንጣ ሚዛን። ያ 50 ፓውንድ እንዳያልፍ ለአዲስ አበባ በረራ ሻንጣ የምንመዝንበት። ክሩን መንጠቆው ላይ አስሬ፣ ሌላውን ጫፍ ዱላ ላይ ጠምጥሜ ስስብ፣ በ9 ዶላር 500 ያርድ የገዛሁትና "30 ፓውንድ" ተብሎ የተጻፈበት ብሬይድ 13 ላይ ጧ አለ። የ16 ዶላሩ ፓወር ፕሮ፣ 20 የተባለው፣ እስከ 19 ሄደ። የውሸቱ በዚያ ላይ ወፍራም ነው፤ የደህናው ብሬይድ ጥቅሙ ግን ቅጥነቱ ነው፦ 20 ፓውንዱ ውፍረቱ እንደ 6 ፓውንድ ሞኖ፣ ማለት እንደ ተራው የናይለን ክር ነው። እባካችሁ ጣታችሁ ላይ ጠምጥማችሁ አትሳቡት፣ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ሞኖ ርካሽ ነው ይባላል። እስቲ እናስላው። 330 ያርድ በ8 ዶላር፤ 2500 ሪል ሁለቴ ይሞላል። ሞኖ ፀሐይ ይጎዳዋል፣ የከበሮውን ቅርጽ ይዞ ይጠቀለላል፤ እኔ በዓመት ሁለቴ እቀይረዋለሁ። በሦስት ዓመት 24 ዶላር። ብሬይዱ 16 ዶላር ወጥቶበት ሦስት ዓመት ይሠራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፈትቶ ገልብጦ መጠቅለል ነው፣ ያልተነካው ጫፍ ወደ ላይ ይመጣል። ፍሎሮካርቦኑ 13 ሲጨመር 29። በአምስት ዶላር ልዩነት የማይለጠጥ፣ የዓሣውን ንክሻ እጅ ላይ የሚያመጣ ክር ታገኛላችሁ። ፍሎሮካርቦኑንም "ሊደር" ተብሎ በትንሽ ጥቅል የሚሸጠውን አትግዙ፤ 25 ያርድ 14 ዶላር ብለውኛል። ተራው 10 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን እኔ ስገዛ 200 ያርድ 13 ዶላር ነበር። በየጊዜው ሁለት ያርድ ብትቀጥሉ መቶ ጊዜ ይበቃችኋል።

አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ ብሬይዱን ባዶ ከበሮ ላይ አትጠምጥሙት። እኔ ጠምጥሜ፣ ዓሣ ሲስብ ጠቅላላው ክር ከበሮው ላይ ይሽከረከር ነበር፤ ድራጉ ተበላሸ ብዬ ሪሉን ልመልስ ደረሰኝ ስፈልግ አመሸሁ። ከሥር አሥር ያርድ ሞኖ ጠምጥሙ፣ ብሬይዱ በዚያ ላይ ይቀጥላል። ለብሬይድ ፓሎማር የሚባለውን ቋጠሮ እሰሩ፣ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ድራጉን በዚያው የሻንጣ ሚዛን 3 ፓውንድ ገደማ ላይ እንዲለቅ አስተካክሉት፤ ቤት ስትገቡ አላሉት።

ከዚህ ሁሉ ላይ የቨርጂኒያ ፈቃድ አለ፤ እኔ የከፈልኩት 23 ዶላር ነው። ያለ ፈቃድ የተገኘ ሰው የሚከፍለው ከሪሉ ይበልጣል።

ጋሼ ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ ሌላ ጥያቄ አመጡ፦ ለባሕር ዳር ወንድማቸው ቢወስዱለትስ? እዚያ ክሩን ሃይላንድ ላይ ጠምጥሞ፣ በእጁ እየወረወረ ነው አምባዛ የሚያወጣው። ለሁለት የሚከፈለው 7 ጫማ ዘንግ ተከፍሎም ከአንድ ሜትር ስለሚበልጥ ሻንጣ አይገባም፤ ለአራት የሚከፈለውን የጉዞ ዘንግ ይፈልጉ አልኳቸው። ሪሉ ያው ሪል። ክር ግን ሁለት ጥቅል ይጨምሩ፣ ወንድምዎ መጀመሪያ የሚያልቅበት እሱ ነው። በማግሥቱ ደወሉልኝ። 29 ዶላሩን ትተውት፣ አግሊ ስቲኩን በ45 ሳይሆን ቅናሽ ላይ በ39 አግኝተውታል።